መጽሐፉን የሚያዞር ወዮለት

እናትየዋ ማንበብ እንደማትችል ስለማውቅ ነው የዋሸኋት። ልጅቷም አትችልም ብዬ ነበር፤ እንዲያውም በእጄ ይዤ የሄድኩት ወረቀት የሚለው እሱኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ከርዕሰ መምህር ጋር ተጣልቻለሁ፣ ከወላጅ ጋር ተጯጩኼያለሁ፣ አንድም ቀን መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሽላ የምትለቅም የአሥር ዓመት ልጅ አፌን አስያዘችኝ።

ከሥሩ ልጀምር፤ አለዚያ ማን ያምነኛል።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከቆቦ ወጣ ብሎ ነው። ባጃጁ ከአስፋልቱ ይወርድና አቧራውን እያቦነነ በማሽላ መሃል ይሄዳል። ከማሽላው ወዲያ በጉድጓድ ውኃ የሚለማ የሽንኩርት ማሳ አለ፤ የብዙዎቹ ልጆች ወላጆች እዚያ የሰው ሽንኩርት ሲተክሉና ሲነቅሉ የሚውሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ክፍል ስገባ ቁርስ የቀመሰውንና ያልቀመሰውን ልጅ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ያልቀመሰው አይረብሽም። ዝም ብሎ ያያል፣ ሲጠየቅም ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እኔ ሞኟ ይህን ዝምታ ጨዋነት ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አመስግኛለሁ።

ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት የጠበቀን ግድግዳ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቁር ሰሌዳ የለም። የመጻሕፍት ክፍሉ በር የለውም፤ ውስጡን የፍየል በጠጥ ሞልቶታል። ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ፣ እኔ ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ ለምኜ፣ የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ተገኘ። ተማሪው ሰባ ሁለት ነው። ባልደረቦቼ «ተይው፣ በቃል እናስተምር» አሉ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ልጅ ፊደል የሚለየው አይቶት ነው እንጂ ሰምቶት አይደለም ብዬ ተሟገትኩ። በዚህስ ዛሬም አልተሳሳትኩም እላለሁ።

መላ የሆነን ያ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ለአምስት ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ መሪ ይሆናል፣ አምስት ልጆች ከሥሩ ይመደባሉ። ሰባ ሁለት ለስድስት ሲካፈል አሥራ ሁለት፤ እግዜር ራሱ ያካፈለው ነው የመሰለኝ። ወንበሮቻችን ሦስት ሦስት ልጅ የሚይዙ ናቸው። የፊተኛው ወንበር ልጆች ወደ ኋላ እንዲዞሩ አደረግኩና ከኋለኞቹ ሦስት ጋር ፊት ለፊት ተያዩ፤ በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ ተዘረጋ። መጽሐፉ የሚቀናው ከኋለኞቹ መሃል ወደሚቀመጠው መሪ ነው። መሪው በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ ጣቱን በዓይናቸው እየተከተሉ ይደግሙታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ልጆች «ወደ እኔ ይዙር»፣ «የለም፣ ወደ እኔ» ሲጓተቱ አንዱን መጽሐፍ መሃል ለመሃል ሸረከቱት። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ቁጭ ብዬ በፕላስተር እየለጠፍኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ሕግ አወጣሁ፤ መጽሐፉ ከተዘረጋበት ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ ቀጥሎ «መጽሐፉን የሚያዞር?» እላለሁ። ሰባ ሁለቱም ባንድ ድምፅ «ወዮለት!» ይላሉ። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ አየና ተደመመ፤ «ለሌሎች ተሞክሮ የሚሆን ነው» ብሎ በጽሑፍ አመሰገነኝ። ያን ወረቀት ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬው ነበር።

ልጆቹን ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ አብሬያቸው አለፍኩ። ሰሌዳው የመጣው ሦስተኛ ክፍል ሲገቡ ነው፤ መጽሐፉ ግን በየዓመቱ ያው ለስድስት አንድ ነው። አቀማመጡንም አልቀየርኩም። ቤቱ መጽሐፍ ያለው፣ ታላቅ የሚያስጠናው፣ ቶሎ የሚይዘው ልጅ ከኋላ ይቀመጣል። የሽንኩርት ሠራተኞቹ ልጆች፣ አርፍደው የሚመጡት፣ ከፊት። ሰሌዳው ከመጣም በኋላ እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የሚውሉት፤ አንገታቸውን ጠምዝዘው ያዩና መልሰው ይዞራሉ። ልጅ አንገቱ አይደክመውም ብዬ ነው መሰለኝ፣ ነገሬም አላልኩት።

የምነግራችሁ ልጅ ከእነዚያ ከፊተኞቹ አንዷ ናት። ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሲጠሯት ከመቀመጫዋ ቀድማ ዓይኗ የሚነሳ። ደብተሯ ለሁሉም ትምህርት አንድ ነው። ጽሑፏን አቅንቼ ስይዘው ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል ሁልጊዜ እግሩ ሽቅብ ይሆናል። «ደብተር በየት በኩል እንደሚጀመር እንኳ አይታወቅም?» እያልኩ በቀይ እጽፍላታለሁ። የእጅ ጽሑፏ ራሱ ግን ንጹሕ ነበር። ከጎረቤቷ ትገለብጣለች ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ቀን ወጥታ እንድታነብ ጠራኋት። መጽሐፉን ስሰጣት ተቀበለችኝና ቀስ ብላ ዘቀዘቀችው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔንም ሳቅ ሳቅ አለኝ፣ ግን ንዴቱ ቀደመኝ። «ኧረ ጉድ! መጽሐፍ መያዝ እንኳ አታውቂም?» ብዬ ከእጇ ላይ መንጭቄ አቀናሁና መልሼ አስያዝኳት። መጽሐፉን አየችው። እኔን አየችኝ። አንድም ቃል አልወጣትም። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቼ ይህንኑ ስተርክ አንዱ ባልደረባዬ የጠጣው ሻይ በአፍንጫው ወጣ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ በገዛ ማስታወሻ ደብተሬ እንዴት እንደያዘችው እያሳየሁ ድጋሚ አሳቅኳቸው።

አራተኛ ክፍል ገብተው ጥቅምት ላይ አንድ በአንድ እያቆምኩ አስነበብኳቸው። እሷ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አቅንታ ያዘችው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ጸጥ። ገጽ ቀየርኩላት። ጸጥ። «በይ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ» አልኳት። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ እንጂ ወይ ፍንክች። እናቷን አስጠራኋት።

እናትየዋ በማግስቱ ከማሳ መጣች። እዚያው በራያ ቆላ ተወልዳ ያደገች ሙስሊም ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ታናሽ፣ ፊቷ ግን የሚያስቀድማት። ሻርፗ ላይ አፈር አለ፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በሩ ላይ እንደቆመች ጀመርኩላት።

«ልጅሽ አልቻለችም፣ እህቴ። ወደ አንደኛ ክፍል ብትመለስ ነው የሚሻላት።»

«ከእነዚያ ከሚጢጢዎቹ ጋር?»

«ከእነሱ ጋር።»

«እንግዲያውስ ይብቃት» አለች። «ዋጃ አክስቷ ሻይ ቤት ከፍታለች። ዕቃ የምታጥብልኝ ልጅ ስጪኝ እያለች ሁለት ዓመት ወተወተችኝ። እምቢ ያልኳት ለንባቡ ብዬ ነው፣ ወላሂ ለሌላ አይደለም። ቀበሌው ግድግዳ ላይ የእርዳታ ስም ሲለጠፍ ሰው ሁሉ የራሱን አንብቦ ይሄዳል። እኔ የሰው ክንድ ይዤ 'በአላህ፣ ስሜ አለ ወይ' እያልኩ እለምናለሁ። አንዱ አንብቦ 'የለም' ይለኛል፣ በሳምንቱ ሌላው 'ነበረኮ፣ አለፈሽ' ይለኛል። ከቤቴ አንድ የሚያነብ ይውጣልኝ ብዬ ነበር። ካልሆነማ ቅዳሜ አክስቷ ትመጣለች፣ ትውሰዳት።»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። የቀሚሷን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። እኔስ ምን አልኩ? ልከራከር ሲገባኝ «እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ» አልኩ። ሰባ ምናምን ልጅ ያላት አስተማሪ አንድ ሲቀነስላት ውስጧ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፣ እኔ ግን ልናገረው።

ለእንዲህ ያለው ነገር ወረቀት አለን። አስተማሪው ምክንያቱን ይጽፋል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያዬም አልነበረም። ባለፈው ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ከዚህችው ልጅ ጎን ትቀመጥ ለነበረች ልጅ ይህንኑ ጽፌያለሁ። ያቺ ከእነሱ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ክፍል የደገመች ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሎጊያ ሄደች፣ ሰው ቤት ገባች ሲሉ ሰማሁ። «ውይ፣ የእናቷ ልጅ» ብዬ ከንፈሬን መጥጬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው፣ አጥሩ የማሽላ አገዳ። እናትየዋ ደጅ አስቀመጠችኝ፣ ጥላው ሥር፣ መደቡ ላይ፤ እሷ ከጎኔ ተቀመጠች። ልጅቷ ከእኛ ትይዩ ጀሪካን አጋድማ ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ፣ በእጇ ከማሽላው ጠጠር ትለቅማለች። ቀና አላለችም። ሰላም ስላት «ደኅና ነኝ ቲቸር» ያለችው ለሰፌዱ ነው።

ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስተኛሁና ወረቀቱን ዘረጋሁት። እናትየዋ መፈረም ስለማትችል እስኪርቢቶዬን አውጥቼ አውራ ጣቷን በቀለም ቀባሁላት። ጣቷ ሻካራ ነው፣ ቀለሙ እንቢ እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ጣቷን አንሥታ ወደ ወረቀቱ ስታወርድ መሃል ላይ ቆም አደረገችው።

«ቆይ» አለች። «ምን ይላል?»

የጻፍኩትን አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ተምራ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ ያልቻለች ሲሆን፣ ለመማር ፍላጎትም ሆነ ችሎታ የላትም። ወላጅ ከትምህርት ገበታ ልታስወጣት ተስማምታለች።» ቢሮ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ምንም አልመሰለኝም። እዚያ መደብ ላይ፣ ያ ቀለም የነካው ጣት አጠገቤ ተንጠልጥሎ፣ ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። አሳፈረኝ። አፌ እንደመጣለት ቀባጠረ።

«ጠባየ ሸጋ፣ ሰው አክባሪ ናት ይላል» አልኩ። «ትንሽ ብትታገዝ ጥሩ ትሆናለች፣ ለጊዜው ግን እናቷ ልታሳርፋት ፈቅዳለች ይላል።»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደግ ነው» አለች። ጣቷ ወረቀቱን ሊነካ ወረደ።

«እንደሱ አይልም።»

ማን እንደተናገረ ለማወቅ ዞር አልኩ፤ ከኋላችን ሰው ያለ መስሎኝ። ማንም የለም። ልጅቷ ማሽላ የያዘ እጇን እንደዘረጋች ወረቀቱን ታያለች፣ ከማዶ፣ ከጀሪካኑ ላይ።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች እናቷ።

«እማ፣ እንደሱ አይልም። 'ሦስት ዓመት ሙሉ ተምራ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ ያልቻለች ሲሆን' ነው የሚለው። ከዚያ...» አንገቷን ትንሽ ወደ ፊት ሰገግ አደረገች። «ከዚያ 'ለመማር ፍላጎትም ሆነ ችሎታ የላትም' ይላል። ፍላጎትስ አለኝ።»

ክው አልኩ። እኔ ልሙት፣ ያን ሰዓት መርፌ ብትወጉኝ አልሰማም ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማን ነገራት! ቢሮ ስጽፈው ማን አይቶ ነገራት! ማንበብ ትችላለች የሚለው ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈም። ወረቀቱን አንሥቼ ወደ እሷ አዞርኩላት፣ ቀንቶ እንዲታያት። «በይ እንደገና አንብቢው።» ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጸጥ። ያችው የክፍል ውስጧ ልጅ፣ ያው ላብ ግንባሯ ላይ። መልሼ ወደ እኔ አዞርኩት። «ወላጅ ከትምህርት ገበታ ልታስወጣት ተስማምታለች» አለች፣ ሳትደናቀፍ።

ከቦርሳዬ የአማርኛውን መጽሐፍ አወጣሁ። ገና ያልደረስንበትን ገጽ ገለጥኩ፣ በቃሏ ይዛው እንዳይሆን ብዬ። ወደ ራሴ አቅንቼ ያዝኩት። ስለ ንብ ቀፎ ነው። ልጅቷ ከማዶ፣ ለእሷ እግሩ ሽቅብ የሆነውን ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። «ሠራተኞቹ ንቦች ቀፎውን ያጸዳሉ፣ ለእጮቹ ምግብ ያመላልሳሉ።» ከቡድን መሪዎቼ ግማሾቹ እንደዚያ አያነቡም። ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራቶ ማሽላው መሬት ላይ ሲበተን ማናችንም አልተነቃነቅንም።

ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት እኔ ባስቀመጥኳት ወንበር፣ እኔ ባዞርኳት በኩል ተቀምጣ፣ መጽሐፍ በዕድሜዋ የምታውቀው እንደዚያ ነው። ቤቷ ሌላ መጽሐፍ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የለም። ያን የተዘቀዘቀ ደብተርም አሰብኩት። ሁለተኛ ክፍል ወጥታ መጽሐፉን ስትዘቀዝቀው ልታነብልኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ነጥቄ ያቀናሁባት እኔ ነኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «መጽሐፉን የሚያዞር ወዮለት ብለው የለ?»

እናትየዋ እስከዚህ ድረስ አንዴ እኔን አንዴ ልጇን ስታይ ነበር። ድንገት ጭኗን በመዳፏ መታች። «ያ ረቢ! ለካስ ለዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። ክረምት ላይ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ስም ተለጥፎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ይህች ልጅ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ አጎንብሳ፣ በእግሮቿ መሃል አጮልቃ ወረቀቱን ስታይ አገኘቻት። ሰው ሁሉ ይስቃል። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብዬ በጥፊ አልኳት። 'እማ፣ ስምሽ አለ' እያለች ታለቅሳለች። እኔ መች ሰማኋት፣ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ስሜ ነበረ ማለት ነው!»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ነበረ።»

እናትየዋ ወረቀቱን በዚያ ቀለም በነካው ጣቷ እየጠቆመች፣ «ቆይ እስቲ» አለችኝ፣ «ማንበብ አትችልም የሚለውን ነው እያነበበች ያለችው?»

«አዎ።»

ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። ሳቁ ቀጥ ሲል ፊቷ ጠቆረ። «እርስዎም እያዩት 'ጠባየ ሸጋ ናት ይላል' አሉኝ። ቀበሌ ያለው ሰውዬ ስሜን እያየ 'የለም' እንዳለኝ። እኔ ዓይን የለኝ ብለው ነው። እሺ፣ አሁን ምን ልመን? ሦስቱን ዓመት በምን ልመነው?»

«ይቅር በይኝ» ነው ያልኩት። «ዋሽቻለሁ። ወረቀቱም ዋሽቷል። የቅዳሜውን ነገር ተይው፣ አክስቷን መልሺያት።»

«ማንበቡንስ ታነባለች፣ ግን ተገልብጦ ነው። አገሩ ሁሉ ሊገለበጥላት ነው?»

«እኔ አቀናታለሁ።»

«ሦስት ዓመት ያላቀኗትን?»

«ያጣመምኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ይህን ስል ልጅቷ የተበተነውን ማሽላ መልቀሟን አቁማ ቀና አለች። እናቷን ብቻ ነበር የምታየው። ጥርሷ የቀሚሷን ጫፍ ነክሷል።

እናትየዋ ተነሥታ አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ደጋግማ ጠረገችው፤ ጭቃው ላይ ሰማያዊ ጭረት ቀረ። «ማሽላው እስኪታጨድ» አለች። «እስከዚያ ቀበሌው ግድግዳ ፊት ቆማ፣ እንደ ሰው ቆማ፣ ስሜን ካነበበችልኝ ትማራለች። አለዚያ ዋጃ ናት። ወላሂ ቃሌ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገባሁና ከልማዴ የተነሣ «መጽሐፉን የሚያዞር?» አልኩ። «ወዮለት!» አሉ ሁሉም። «ከዛሬ ጀምሮ ወዮለት የለም» አልኳቸው። «እንዳሻችሁ አዙሩት።» ማንም እጁን ወደ መጽሐፉ አልሰደደም፤ ወጥመድ መስሏቸው ነው። የፊት ወንበር ልጆችን አንድ በአንድ ጠርቼ፣ መጽሐፉን ሰጥቼ፣ «በሚመችሽ ያዢው»፣ «በሚመችህ ያዘው» አልኳቸው። አንዱ አዞረው። ቀጥሎ አንዷ። እንደገና አንድ። የሚስቅ አልነበረም፤ እኔ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ። ከሰዓት ወንበሮቹን ሁሉ ወደ አንድ ፊት አዞርኳቸው። ቤቴ ስገባ ያን የምስጋና ወረቀት አወረድኩት።

ልጅቷን ከትምህርት በኋላ ለብቻ ያዝኳት። መጽሐፉን ባንዴ ባቀናው እንደምትዘጋ ስላየሁ፣ በእሷ በለመደችው በኩል አስቀምጬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አዞርኩላት። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን ምጣድ ላይ እንደሚያዞር አይደለም፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ እያልኩ። ዛሬ በጣት ስፋት፣ ነገ በጣት ስፋት። ለሳምንት የሚያህል መጽሐፉ አግድም ሲሆን ሁለታችንም አንገታችን ዞሮ ተሠቃየን፤ እያነበበች ቆም ትልና «ቲቸር፣ ጠፋብኝ» ትላለች፣ ትንሽ እመልስላታለሁ። ከሜዳው ባሻገር ማሽላው ሲቀላ በመስኮቱ ይታየኛል። እሷም ታያለች። ማናችንም ስለ ዋጃ አላወራንም።

ታኅሣሥ ላይ፣ አጨዳው በተጀመረ ሰሞን፣ ቀበሌው አዲስ ዝርዝር ለጠፈ። እኔም ሄድኩ፤ ራቅ ብዬ ዛፍ ሥር ቆምኩ። እናትየዋ ከጎኗ፣ ልጅቷ ከግድግዳው ፊት። መጀመሪያ ጸጥ አለች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች፣ አቀናች፣ ከዚያ ጣቷን አንሥታ ከላይ ጀመረች። የእናቷን ብቻ ሳይሆን የሰውን ሁሉ ስም ጮክ ብላ እየጠራች ወረደች። ከኋላ የቆሙ ሁለት ሴቶች «የኔንስ? የኔንስ እይልኝ!» እያሉ ተጠጉ። እናትየዋ ዞር ብላ ፈለገችኝ፣ አየችኝ። አውራ ጣቷን ብቻ አንሥታ አሳየችኝ፣ ቀለም የሌለበትን።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ፣ በደስታ ሰክሬ፣ አጠገቧ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳልጠይቃት የቀረሁት ነገር ነበር። መሪው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌሎችም ይሰማሉ፤ በተዘቀዘቀ በኩል ፊደል ከፊደል መለየት ግን በመስማት ብቻ አይሆንም። «ለመሆኑ ማነው ያስተማረሽ?» አልኳት። «ይሄ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲህ ነው ብሎ ያሳየሽ?»

«እሷ ናታ» አለች፣ የማውቅ መስሏት።

«ማን እሷ?»

«ወደ ሎጊያ የሄደችው። እዚህ ነበር የምትቀመጠው፣ አሁን እርስዎ የተቀመጡበት። እሷ ቶሎ ትይዛለች። መሪው ሳይሰማ በጆሮዬ ትነግረኛለች። ከኔ በጣም ትበልጣለች ቲቸር።»

ከዚያ መቀመጫ ተነሣሁ። ልጅቷ መጽሐፉን እየገለጠች ቀጠለች።

«ወረቀቷንም እኮ አንብባዋለች።»

«የቱን ወረቀት?»

«የሷን። እርስዎ ጠረጴዛዎ ላይ ሲጽፉት ደብተር ልታሳርም ፊት ለፊትዎ ቆማ ነበር። መጥታ ነገረችኝ። 'ማንበብ አትችልም ይላል' አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?» ጮኽኩ መሰለኝ፣ ልጅቷ ደንገጥ አለች። «ለምን 'ኧረ እችላለሁ' አላለችኝም?»

«እኔም እንደሱ ብያት ነበር» አለች፣ ገጹ ላይ እንዳቀረቀረች። «እሷ ግን 'ቲቸር ከጻፉት አልችልም ማለት ነው' አለችኝ።»